ካፖርቱ እስኪደርቅ

ሰኔ 4 ቀን

ውድ እህቴ ሚጡ፣

ባለሽበት ብርዱም ሰዉም ሳይከፋብሽ ይህ ወረቀት እንዲደርስሽ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ታውቂያታለሽ፣ ቁጭ በይ ሲሏት ነው የምትነሣው። አንቺ የዝናብ ልብስ ማደሻ ቤቱ ኃላፊ መሆንሽን ለጎረቤት ስታወራ ደግሞ ጉልበት እንዳላትም አታስታውስ።

የምጽፍልሽ ስለ ካፖርቱ ነው። ባለፈው ዓመት የላክሽልኝ ሰማያዊው የዝናብ ካፖርት ውሃ ማስገባት ጀምሯል። ሲመጣ እንዴት እንደነበረ ነግሬሽ ነበር፤ ዝናቡ ላዩ ላይ እየተንከባለለ ነበር የሚወርደው፣ መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ እየነኩ አድንቀውታል። ዘንድሮ ክረምቱ ገና ሳይጠና ትከሻው ውሃውን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሸሚዜ ያሳልፈዋል።

ጥፋቱ የኛ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቴ በበጋው ጠረኑን ጠልታ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋ አጠበችው። አንገትጌው ላይ በረኪና ጨመረችበት። በመጨረሻ ደግሞ ጥሩ እንዲሸት ብላ የልብስ ማለስለሻ። «አበባ አበባ እንዲልህ ብዬ ነው» ትላለች። አበባ አበባ ይላል፤ ውሃም ያስገባል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ገልብጬ ሳየው ከውስጥ በኩል፣ ከሁለቱ ትከሻዎች ሥር፣ እንደ ተላጠ ቆዳ ነጭ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። ስዳስሰው ጣቴ ላይ ይቀራል። ይህም ከሳሙናው ነው?

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከንጋት እስከ ምሽት በየሁለት ሰዓቱ ወንዙ ዳር እወርዳለሁ፤ ከሲሚንቶው ቋሚ ላይ የውሃውን ቁመት አነባለሁ፤ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ውሃው ቀዩን መስመር ከነካ ደወሉን እመታለሁ፣ ከታች አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ያን ሰምተው ይወጣሉ። ወንዙ ደግሞ እኛ ጋ ሳይዘንብ ከላይ ሞልቶ የሚመጣበት ቀን አለ፤ ስለዚህ አንድም ሰዓት መዝለል አይቻልም። ሌላው ሁሉ ዘንቦ አባርቶ እስኪሄድ ከታዛ ሥር ይቆማል። እኔ ታዛ የለኝም፣ ያ ካፖርት ነው ያለኝ። እንዴት እንደሚታጠብና እንዴት እንደሚመለስ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽና ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 23 ቀን

ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህን እሱ ባለቤቱ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤህን ከሥራ ስመለስ በሩ ሥር አገኘሁት፤ ቦርሳዬን ሳላወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የእትዬን ጉልበት በለብ ያለ ውሃ እንድታሸው ንገራት። እምቢ እንደምትልም አውቃለሁ።

ስለ ማጠቡ ደግሞ አትውቀሳት። እዚህ ተራራ ለተራራ ስንዞር ከረምን የሚሉ ሰዎች እንኳ ልብሳቸውን በማለስለሻ ገድለው ነው የሚያመጡልን። ማለስለሻው ጨርቁ ላይ እንደ ቅባት ይቀመጣል። የዱቄት ሳሙናውም ተጣርቶ ካልለቀቀ ውሃን የሚያባርር ሳይሆን የሚጠራ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ኪሶቹን ፈትሽ፤ ባለፈው ሳምንት አንዱ ኪሱ ውስጥ ብስኩት ረስቶ ሳፋው ሊጥ ሆኖብኝ ነበር። ከዚያ ዚፑን እስከ አንገት ዝጋው፣ የእጅጌውንም ማጣበቂያ ግጠመው፤ ክፍት ከሆነ ራሱን በራሱ ይቧጭራል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ሽታም ቀለምም በሌለው ተራ ሳሙና፣ በስፖንጅ ቀስ እያልክ እጠበው። አትሸው፣ አትጭመቀው፣ እንደ አንሶላ አትጠምዝዘው። አንገትጌውና የእጅ ጫፉ የሰውነት ቅባት ስለሚይዙ እዚያ ላይ ቆይ። ከዚያ አለቅልቀው፤ አረፋው ቢጠፋም ገና ነው፣ ሦስትና አራት ጊዜ ድገመው። ውሃው እንደ ገባ ጠርቶ ሲወጣ ያኔ ታጥቧል በል።

ታጥቦ ሲያበቃ ማንጠልጠያ ላይ ስቀለውና ከዚህ ጋር የላክሁትን ጠርሙስ ንፋበት። የውሃ መከላከያ ነው። ጨርቁ ገና እርጥብ እያለ ነው የሚነፋው። ትከሻውንና ቆቡን አታሳሳ። የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው፣ ካልጠረግከው ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቀጭን ጨርቅ ጣል አድርገህበት ካውያውን ዝቅተኛው ላይ አድርገህ፣ ያለ እንፋሎት፣ ቀስ ብለህ እለፍበት። ሙቀቱ ነው መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው። በተጀመረበት ቀን መጨረስ አለበት፣ ግማሽ ላይ ተትቶ አይሆንም።

ጠርሙሱን የምታመጣልህ የሥራ ባልደረባዬ የአክስት ልጅ ናት፤ ሻንጣዋ ውስጥ እንዳይፈስባት በሦስት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ሌላ የምትፈልገው ካለ ጻፍልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፣ ሥራ ብቻ ነው የበዛው።

እህትህ ሚጡ


ሐምሌ 7 ቀን

ውድ እህቴ ሚጡ፣

እጅሽ ይባረክ፣ ጠርሙሱ ሳይፈስ ደረሰ። ልጅቷም ሻይ ጠጥታ ነው የሄደችው፤ ጨዋ ናት። ስለ ሥራሽ ስጠይቃት ግን «ጎበዝ ናት፣ እጇ አያርፍም» ብላ ወሬ ቀየረች።

እሑድ ዕለት እንዳልሽው አደረግሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «እኔን እንኳ እንደዚህ ቀስ ብለህ ይዘኸኝ አታውቅም» አለች። አምስት ጊዜ አለቀለቅሁት። አምስተኛው ላይም አበባ አበባ ይል ነበር። መከላከያውን ነፋሁ፣ ጠረግሁ፣ ካውያውን አሳለፍሁ። ሲደርቅ ከቧንቧ ውሃ አፈሰስንበት። እጅጌው ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ፣ ቆቡ ላይም እንደዚያው። ባለቤቴ አጨበጨበች።

ሰኞ ዘነበ። እጅጌዬ ደረቀ፣ ትከሻዬ ራሰ። ከላይ ውሃው ይንከባለላል፣ ከውስጥ ግን እርጥብ ነው፤ በየት እንደሚገባ አላውቅም። ያ የነገርኩሽ ቅርፊት ደግሞ አሁን በዝቷል፤ ሳወልቀው ሸሚዜ ላይ ዱቄት የተበተነ ይመስላል። ባለፈው ጠይቄሽ ነበር፣ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል። በካውያው አቃጥዬው ይሆን? ዝቅተኛው ላይ ነበር ያደረግሁት።

ሳል ይዞኛል፣ ብዙም አይደለም። አሸዋ ከሚያወጡት አንዱ፣ ስሙን ትተው ሳቂታው የሚሉት አለ፤ ጠዋት ጠዋት ስወርድ ሲያየኝ «የመንግሥት ሰው በመንግሥት ልብስ ይርሳል እንዴ?» ይለኛል። የእህቴ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። «እንግዲያ ላኪልኝ በላት፣ የኔ ቆዳ ነው የዝናብ ካፖርቴ» አለኝ። ሳቁ ማዶ ድረስ ይሰማል።

ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 20 ቀን

ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፣

ሳሉ እንዲለቅህ እየጸለይኩ ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትተወው።

ምንም አላጠፋህም። አንዳንዴ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ማለስለሻው ጠልቆ ገብቶ ይሆናል። እንደገና እጠበውና ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ ንፋበት። በጨርቁ ላይ ቆየት አድርገህ፣ በደንብ እስኪደርቅ ካውያውን ደጋግመህ አሳልፍ። አትቸኩል። ሁለተኛ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ፣ ይኸኛው ይሻላል ይላሉ።

ስለ ቅርፊቱ ብዙ አታስብ።

ለሳቂታው ደግሞ የሚሆነው አንድ ነገር ትፈልግልሃለች በለው። በዚህ ሰሞን እጄ ስለ ቆሰለ አጭር ጻፍኩ፣ ሳሙናው ነው። እትዬን ሳምልኝ።

እህትህ ሚጡ


ነሐሴ 29 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ሥራ በዝቶ ነው። በዚህ ወር ወንዙ ሞልቶ ሳቂታውን ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ከድልድዩ በታች ነው የተገኘው። ባለቤትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ደወሉ ተደውሏል። መዝገብ ላይም ተጽፏል።

ጠርሙስ ከእንግዲህ አትላኪ። ካፖርቱን ሰቅዬዋለሁ። ስለ እሱ አትጠይቂኝ።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ


መስከረም 14 ቀን

ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ሰውየውን በሳቁ ብቻ ነው የማውቀው፣ ሆኖም ሦስት ቀን ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

አትጠይቂኝ ብለሃል፣ አልጠይቅህም። አንተ ግን እንዴት ነህ? እስከዛሬ «ውድ እህቴ ሚጡ» ሳትል ጽፈህልኝ አታውቅም። ታምመህ ከሆነ ንገረኝ። ከእትዬ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነም ንገረኝ። ሁለት መስመርም ቢሆን ይበቃኛል።

እህትህ ሚጡ


ጥቅምት 19 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ሁለት መስመር ስጠብቅ ወር አለፈ። እንግዲህ እኔ ልናገር። ይህን አንብበህ ደብዳቤዬን ባትመልስልኝም አልቀየምህም።

ያ ካፖርት አዲስ አልነበረም። የማደሻ ቤቱ ኃላፊም አይደለሁም። እኔ አጣቢ ነኝ። ከኋላ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሰዎች ያመጡትን የዝናብ ልብስ ሳፋ ላይ አጥባለሁ፣ እነፋለሁ፣ እተኩሳለሁ። በስተጥግ አንድ ትልቅ ቅርጫት አለ። ማደስ የማይቻለው ልብስ እዚያ ይጣላል፣ በሳምንቱ መጨረሻ መኪና ይወስደዋል። ያንተ ካፖርት ከዚያ ነው የወጣው። አሠሪዬ ራሱ ገልብጦ አይቶ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን መላቀቅ ጀምሯል፣ ለማንም እንዳይሰጥ ብሎ ነው የጣለው። ውሃን የሚያግደው ያ ሽፋን ነው። እሱ አንዴ መላጥ ከጀመረ ማጠብም መንፋትም መተኮስም አይመልሰውም። ነጩ ቅርፊት እሱ ነው።

አውቅ ነበር። መጀመሪያ የጻፍክልኝ ቀን፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ያን መስመር ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንድ ክረምት ያገለግለዋል፣ እስከዚያ ሌላ እገዛለታለሁ ብዬ ነበር የላክሁልህ። ዚፑን ቀይሬ፣ ላዩን አጥቤ፣ አዲስ መስሎ እስኪታይ ድረስ ለፍቼበታለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ዕቃ ይልካል፣ እኔ ብቻ ባዶ ወረቀት እልካለሁ። አንተም እትዬም ስትመርቁኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበልህ? «የሰጠሁህ የተጣለ ነው» ብዬ እንዴት ልጻፍ? ስለዚህ እጠበው አልኩህ። ድገመው አልኩህ። የማይደርቅ ነገር እስኪደርቅ ጠብቅ አልኩህ።

ትናንት አብራኝ የምትሠራው ልብስ ሰፊ አንድ ካፖርት አምጥታ ገለበጠችልኝ፣ እንደዚያው ነጭ ቅርፊት። «ይኼን ደግሞ ማን ያጥበዋል፣ በከንቱ መድከም ነው» አለችኝና ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንተ ሁለት ጊዜ፣ ምናልባትም ሦስት ጊዜ አጥበኸዋል።

ስለ እሱ አትጠይቂኝ ያልከው ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እፈራለሁ። ካፖርቱ ከሳቂታው ሞት ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ ላይ እንዳታደርገው። የገደልኩት እኔ ነኝ።

ሚጡ


ኅዳር 27 ቀን

ውድ እህቴ ሚጡ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን ለባለቤቴ ሰጠኋትና ወደ ውጭ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄብሽ ነበር። የተጣለ ስለላክሽልኝ አይደለም፤ የተጣለ ነው ብትይኝ ጎረቤቴ እንደሚያደርገው ላስቲክ ከላዩ ጣል አድርጌበት እለብሰው ነበር። ከሳፋው ጋር እንድታገል ስለ ተውሽኝ ነው። ከባለቤቴ ጋርም በዚያ ማለስለሻ የተነሣ ስንት ቀን ተኮራርፈናል። እሷን ይቅርታ ጠይቂያት፣ ለብቻዋ ጻፊላት።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ።

ቀኑ ነሐሴ 5 ነበር። ሁለተኛው ጠርሙስ ከደረሰ ሦስት ቀኑ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረድኩ፣ ውሃው ከቀዩ መስመር ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ክፍት ነው፣ ስንት ቀን ያላየነው ፀሐይ ወጥቷል። ይህቺ ቀን ታመልጠኛለች ብዬ ተጣድፌ ካፖርቱን አጠብሁት። ነፋሁበት። አራት ሰዓት ሲጠጋ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እየተኮስኩ ነበር። ባለቤቴ በመስኮት ወደ ላይኛው አገር አየች።

«ከላይ ጠቁሯል» አለችኝ።

«አየሁት።»

«ሰዓትህ ደርሷል እኮ።»

«ይቺ ትከሻ እስክትደርቅ ነው። አሁን ከተውኳት ነጠብጣብ ሆና ትቀራለች፣ እንደገና ከመጀመሪያ ልጀምር ነው።»

«ያለ ካፖርት ውረድ። ዝናብ እኮ የለም።»

ካውያውን አነሣሁ። የተናገረችው ትክክል ነበር። የዚያን ቀን ካፖርት አያስፈልገኝም ነበር፤ ጠብታ አልወረደም። እኔ ግን ያልሽኝ ሁሉ ስላልተሳካልኝ ከዚያ ጨርቅ ጋር እልህ ተጋብቼ ነበር። ካውያውን አሳልፋለሁ፣ እዳስሳለሁ፣ እርጥብ ነው፣ አሳልፋለሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ሄደ።

ከዚያ ወንዙ ድምፁን ቀየረ። እኛ እዚህ ያደግን ሰዎች ያን ድምፅ እናውቀዋለን፣ አንቺም ታስታውሽዋለሽ። ካውያውን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። ቀዩ መስመር አይታይም፣ ተውጧል። ደወሉን መታሁት፣ እጄ እስኪደማ መታሁት። ሦስቱ ከዳር ስለነበሩ ወጡ። ሳቂታው መካከል ላይ ካለው የአሸዋ ቁልል ላይ ነበር። ደወሉን ሲሰማ ቀና አለና ወደኔ አየ። እጁን አነሣልኝ። ሰምቻለሁ ማለቱ ይመስለኛል። አካፋውን ጥሎ ገባበት፤ ሁለት እርምጃ ነው የሄደው።

አራት ሰዓት ላይ ብደውል ኖሮ ውሃው ገና ከጉልበቱ በታች ነበር። እያወራ ይወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ አንቺ ጋ ልመልሰው እችላለሁ። የገደልኩት እኔ ነኝ ብለሽ አቅርበሽልኛል፣ መቀበል ብቻ ነው። ግን ካፖርቱ መዝገብ ላይ አይጽፍም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደንግጬ ነውም አልል፤ ማታ ላይ ነው የጻፍኩት፣ የደማው እጄ በጨርቅ ታስሮ፣ ሻይ ጠጥቼ። በጥሩ ጽሕፈት «አራት ሰዓት፤ ውሃው ቀዩን ነክቷል፤ ደወል ተደውሏል» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱ አሸዋ አውጪዎች ደወሉን የሰማነው ዘግይቶ ነው ብለው ነበር። መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን አመነ። ከዚያም ለሟቹ ቤተሰብ በጽሑፍ የሰጠው መልስ «ሟች በወቅቱ የተሰጠውን የደወል ማስጠንቀቂያ ባለማክበሩ» የሚል ነው። ለቤተሰቡ ይገባ የነበረው የገንዘብ ድጋፍም ተከለከለ። ልጆቹን ደግሞ ትምህርት ቤት «የደንቆሮው ልጆች» ይሏቸው ጀመር። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ወንዝ ዳር እየወረድኩ ቁመት ሳነብ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች። ከነሐሴ ጀምሮ «ምሳ ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ላንቺም «ሰላም ብላሻለች» ያልኩት ከራሴ ነው።

ደብዳቤሽን አንብባ ስትጨርስ ወደ ውጭ ተከትላኝ ወጣች። «እሷ እዚያ ሆና፣ ማንም ሳያያት ተናገረች» አለችኝ። «አንተስ?» ብቻ አለችኝና ገባች።

በማግስቱ የሳቂታው ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ጆንያ እየጠገነች ነበር። ትልቋ ልጅ ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባች። እንደ ቆምኩ ለእናቷ ነገርኳት፣ ያልኩሽን ሁሉ። መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ አዳመጠችኝ።

«በዚያ ሰዓት ምን እየሠራህ ነበር?» አለችኝ።

«ካፖርት እየተኮስኩ ነበር።»

«ካፖርት።»

«አዎ።»

«ለምንድነው አሁን የምትነግረኝ?»

«እህቴ ስለ ካፖርቱ ያልነገረችኝ ነገር ነበረ፤ ጻፈችልኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።»

«ባትጽፍልህ ኖሮስ?»

ውሸት አፌ ላይ ነበር። «አላውቅም» አልኳት።

መርፌዋን አነሣች። «እኔን ብቻ ነግረኸኝ ቀልሎህ እንድትሄድ አልፈልግም» አለችኝ። «ይህችን ያልካትን እንዳለች እዚያ ቢሮ ሄደህ በላቸው። እኔም እመጣለሁ። ስትል መስማት እፈልጋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ሄድን። በመንገድ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አለቃዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ሰውየው አይመለስ» አለኝ ዝቅ አድርጎ። «አንተ ከሥራ ትወጣለህ፣ ክስም ሊኖር ይችላል። ከውጭ ቆይተህ፣ ሻይ ጠጥተህ፣ እስቲ ደግመህ አስብበት።»

«አስቤበታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ነው ያሰብኩት።»

«መዝገቡ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ያንተ የግል ደብተር አይደለም።»

«ውሸቱ ግን የኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ላርመው።»

ወደ እሷ ተመለከተ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ። መሳቢያውን ከፍቶ መዝገቡን አወጣልኝ። የነሐሴን ገጽ ፈለግሁ። መስመሩን እንዲነበብ አድርጌ በአንድ ጭረት ሰረዝኩት፣ ከሥሩ ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አለቃዬም ፈረመ፤ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ እምቢ አለው።

ከሥራ ታግጃለሁ፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ምን እንደሚፈርዱም አላውቅም። ባለቤቴ ማናገር ጀምራለች፣ በጥቂቱ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። የኔን ድርሻ አትውሰጂብኝ፤ የራስሽን ያዢ፣ በቂ ነው። እጅሽ ከቆሰለ ጓንት አድርጊ። አጣቢ መሆንሽን ለሰው ሁሉ እንነግራለን፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሲያሳፍረን የነበረው መዋሸቱ ነው።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ፈርመን ስንጨርስ የሳቂታው ባለቤት ተነሣች። «እኔም ላንብበው» አለች። አለቃዬ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረላት። ጣቷን ፊደል በፊደል እያስሄደች፣ ጮክ ብላ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት አነበበች። «አራት ሰዓት፤ ውሃው አልተነበበም፤ ደወል አልተደወለም።» እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ከወረቀቱ ሳታነሣ አለቃዬን ቀና ብላ አየችው።

«እንግዲያ ባሌ ደንቆሮ አልነበረም» አለችው።

«አልነበረም» አላት።

«ይህን በማኅተም ጽፈህ ስጠኝ። ለልጆቼ ትምህርት ቤት ነው።»

ቆማ ጠበቀች። ማኅተሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን እፍ እፍ አለችበት፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ሳታየኝ በአጠገቤ አልፋ ወጣች።

ወንድምሽ